አረንጓዴው የሐር ክር

አሰላ፤ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለምሳሳልሽ አብሮ አደጌ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ያመመሽ ተሻለሽ ወይ? ከናዝሬት አስመጥቼ የላክሁልሽ አረንጓዴ ሐር ለጥልፍሽ በቃሽ? ዛሬም ክር በጥርስሽ ትበጥሻለሽ? እናቴ «መቀስ ጠፍቶ ነው ወይ?» እያለች ስትቆጣሽ ትዝ ይለኛል። እኔ ማርያም ትመስገን በአካል ደህና ነኝ። ልቤን ግን አትጠይቂኝ።

ይህን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ያቺ የባሌ የኃይለየሱስ አሮጌ ፒክአፕ ትዳሬን ልታፈርሰው ነው። ባሌ ከናዝሬት ዕቃ ጭኖ ሲመለስ መብራቷ ዴራ ላይ አይጠፋም፤ አሰላ መግቢያ ላይ አይጠፋም፤ አንቺ ያለሽበት ኢተያ ሲደርስ ድርግም! በማግስቱ ይመጣና፣ ፊውዝ ተቃጥሎብኝ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ጋቢና ውስጥ አደርኩ ይለኛል። እኔ ሞኟ ብርድ መታው ብዬ አጥሚት አሞቅለት ነበር። ኋላ ነው ልብ ያልኩት። ጋቢና ውስጥ ያደረ ሰው ሸሚዙ በካውያ ተተኩሶ ይመጣል እንዴ?

ከዚያ ወዲህ ቅናት እንዲህ ነው ብዬ አልነግርሽም። ስሟን የማላውቃትን ሴት በሐሳቤ ፀጉሯን ስጎትት እውላለሁ። መልኳን፣ ሙያዋን፣ ሳቋን ከራሴ ጋር አወዳድራለሁ፤ ሁልጊዜ እሷ ትበልጠኛለች። አንቺንም እኮ ጠይቄሽ ነበር፤ ባሌን እዚያ ሰፈር አይተሽዋል ወይ ብዬ። ካየሁት ዓመት አለፈኝ፤ ይልቅ በቅናት ራስሽን አትጨርሺ ብለሽ መለስሽልኝ። ምክርሽ ደስ ብሎኝ ደብዳቤሽን ስሜው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ፒክአፗን መካኒኩ ጅብሪል ዘንድ ጎማ እንዲለጥፍላት ትቶ ጢቾ ለቅሶ ሄደ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ደረስኩና፣ ይህን ፊውዝ የምትሉትን ጉድ አሳየኝ አልኩት። ጅብሪል ሳቀብኝ፤ ግን አሳየኝ። ከመሪው ሥር ትንሽ ሣጥን አለች። ውስጧ የጣት አንጓ የሚያህሉ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ በየሆዳቸው ቀጭን ሽቦ አለ። አንዱ የመብራት ነው፣ አንዱ የጡሩምባ፣ አንዱ የመስተዋት መጥረጊያ። ኮረንቲ ሲበዛ ያች ሽቦ ራሷ ተቃጥላ ሌላውን ታድናለች። መብራት ከጠፋ የጡሩምባውን ነቅለው በቦታው ይክተቱት፤ ከበራ የፊውዙ ጥፋት ነው፤ እሱም ወዲያው ከተቃጠለ አንድ ሽቦ ተልጦ ብረት ነክቷል ማለት ነው አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ ሰው ደጅ የሚያድረው!

የመብራቱን ሲነቅለው ግን የጅብሪል ፊት ተለወጠ። ፊውዙ ድሮ ተቃጥሏል። ላዩ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎ፣ ሽቦው እንዳይላቀቅ በክር ታስሯል። እንዲህ ያለ ነገር እሳት ይጠራል፤ አንድ ቀን መኪናዋ ከነሰውየው ትነድዳለች ብሎ ተቆጣ። ደግሞም ይህ የወንድ ቋጠሮ አይደለም አለ።

እኔ ክሩን ነበር የማየው። አረንጓዴ ሐር ነው፤ አሰላ ገበያ የማይገኝ። ቋጠሮው ድርብ ነው፣ እናቴ እንዳስተማረችን ዓይነት። ጫፉን መቀስ አልነካውም።

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ነው የሆነብኝ። እቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከባሌ ይልቅ ለማን እንዳለቀስኩ አንቺ አታጪውም።

ክሩን እዚህ ወረቀት ውስጥ አጥፌ ልኬልሻለሁ። ጥልፍ አዋቂ ነሽና የማን እጅ እንደሆነ አንቺው ተመልከቺው። ለኃይለየሱስ ምንም አልነገርኩትም። ጅብሪል አዲስ ፊውዝ ከቶለታል፤ መለዋወጫውን እኔ በመቀነቴ ቋጥሬዋለሁ። ቅዳሜ ናዝሬት አብሬው እወርዳለሁ። ስንመለስ ደጅሽ ላይ ቆመን ሰላም እንልሻለን እንጂ አናድርም። መብራቱም ከጠፋ እኔ አበራዋለሁ።

እናቴ ሰላም ብላሻለች፤ ዛሬም ልጄ ነው የምትልሽ። አምላክ ከብርድ ይጠብቅሽ፤ ለራስሽ የሚሆን ጎጆም ይስጥሽ። ወገብሽንም አሳርፊው፤ የሰው ሸሚዝ መተኮስ ያደክማል።

አብሮ አደግሽ