በሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ስለሚቆሙት በግ

ግንቦት ፲፭ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.
ቦሌ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ አቶ ሽፈራው
የሕንፃችን የተከራዮች ኮሚቴ ሊቀመንበር

ጉዳዩ፦ ደረጃው ለአንድ እሑድ ብቻ እንዲለቀቅልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወገብዎም ጉልበትዎም እንደ ሥልጣንዎ የጸና እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሰዲቅ፣ ከእርስዎ በላይ ሦስተኛ ፎቅ በስተግራ የምኖረው፣ ሃያ ሁለት ዓመት የአሰብን መንገድ በተሳቢ የተመላለስኩት ጡረተኛ ሹፌር፣ ከግራ ጉልበቴ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የጉልበቴን ነገር በቦታው አነሳዋለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ይህን ደብዳቤ ከታች በሩ ላይ ተለጥፎ ለሚያነብ እንግዳ ሁሉ ከመጀመሪያው ልናገር። እርስዎ ለዓምናው ፋሲካ አንድ ቀንዳም አውራ በግ ገዝተው አመጡ። ፋሲካው ሲደርስ በጉ ገና አልሰባም ተባለ። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ጭቃው አልደረቀም ተባለ። ለገና ደግሞ ሰው ለምዷል ተባለ። የዘንድሮው ፋሲካ ሲቃረብ ‹ጌታው› የሚል ስም ወጣለት፤ ስም የወጣለት እንግዲህ አይታረድም። ሊቀመንበራችን በአንቱታ የሚጠሩትን እኛ አንተ ብንል ነውር ስለሆነ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የላይ ተከራዮች በሙሉ አንቱ ብለናቸዋል። አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ፤ ጌታው አውሮፕላን ካልተነሳ በቀር ማንንም እንደማይነኩ በስብሰባ ላይ አረጋግጠውልናል። እውነትዎን ነው፤ የምንኖረው ቦሌ መሆኑ ብቻ ነው ችግሩ። ሞተሩ ሲያጓራ ጌታው ፊት ለፊታቸው ያገኙትን ሰው በቀንዳቸው ይሸኛሉ። በዚህም ምክንያት አየር ማረፊያ ዕቃ በመጫን የሚሠሩት የአራተኛ ፎቁ አቶ ሐዱሽ የበረራ ሰዓቱን በወረቀት ጽፈው አድለውን፣ ዳቦ ለመግዛት የምንወርደው በካይሮውና በናይሮቢው መካከል ሆኗል። እንዲህ በሰዓት የምንኖር ሰዎች ስላደረጉን እናመሰግናለን። በሥራ ዘመኔ ለግመልም ለፍየልም ቅድሚያ ሰጥቻለሁ፤ በገዛ ቤቴ ደረጃ ላይ ለበግ ቅድሚያ መስጠትን ግን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ፤ ቅሬታ ያለው ሰው በጽሑፍ አድርጎ ከበርዎ አጠገብ በተሰቀለው ሳጥን ውስጥ እንዲከት አዘዋል። ሁለት ማመልከቻ ይዤ ወርጃለሁ። የመጀመሪያውን ጌታው ከእጄ ተቀብለው በሉት። ሁለተኛውን ሳጥኑ ውስጥ ለመክተት ችዬ ነበር፤ ሳጥኑን ጥለው በሉት። በወሩ ስብሰባ ላይ እርስዎ በጌታው ላይ የቀረበ አንድም ቅሬታ በመዝገብ እንደሌለ በኩራት ገለጹልን፣ እኛም አጨበጨብን። ይህኛው ደብዳቤ ከፍ ብሎ የተለጠፈው፣ በግልጽም የተጻፈው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛ፤ ጌታው ካሉ ወዲህ ሕንፃው ውስጥ ሌባ አልገባም ብለዋል። አልገባም። ቆጣሪ አንባቢም አልገባም። የጎረቤታችን የወይዘሮ አስመረት እህት ከመቀሌ ድረስ አራስ ልትጠይቅ መጥታ ጥየቃዋን ከመንገድ ላይ ጮኻ ፈጽማ ተመልሳለች።

የሚቀጥለውን በቁጥር ላስቀምጠው አልቻልኩም።

ልጄ ሀጀር መምህርት ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ሃይደር የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ ይፈልጋታል፤ እሷም ትፈልገዋለች። አባት እንዲህ ያለውን ነገር እንዳላወቀ መሆን ይገባዋልና እኔም እንዳላወቀ ሆኜ ቆየሁ። ከአረፋ በኋላ ባለው እሑድ በሼህ ሙሄ የሚመሩ ሦስት ሽማግሌዎች ሊጠይቋት እንደሚመጡ ተላከብን። ቤቱ ተሰናዳ፣ ምግቡ ቀረበ፣ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ እስከ ተሲያቱ የአስር ሶላት በር በሩን ስናይ ዋልን፤ ማንም አልመጣም። ይቅርታ ይላካል ብለን ስንጠብቅ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው እሑድ እንመጣለን የሚል መልእክት ደረሰን። ዳግመኛ ተሰናዳን፣ ዳግመኛም ማንም አልመጣም። ልጄ አዲሱን ቀሚሷን አጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችና ደብተር ስታርም አመሸች። እኔ ግን ተዋረድኩ ብዬ የሃይደር ስም በቤቴ እንዳይነሳ ከለከልኩ። በዚህ እስካሁን አፍራለሁ።

እውነቱን የነገሩኝ ከትናንት ወዲያ ወይዘሮ አስመረት ናቸው፤ የእሳቸው መስኮት መንገዱን ያያል፣ የእኛ ጓሮውን። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም እሑድ መጥተዋል። ሁለቱንም እሑድ አውሮፕላን ተነስቷል። ሁለቱንም እሑድ ጌታው ተቀብለዋቸዋል።

ይህን እንደሰማሁ እዚሁ ከተማ ወዳለው የሼህ ሙሄ ቤት ስሮጥ የበረራ ሰዓቱን መመልከት ረሳሁ። የግራ ጉልበቴ ነገር ይኸው ነው።

እያነከስኩ ደርሼ ይቅርታ ስጠይቅ ሼሁ የነገሩኝን እርስዎም ይስሙት። እንደሚያውቁት በአገራችን ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ሄዳችሁ ተመለሱ ይባላል። ስለዚህ በመጀመሪያው እሑድ ቀንድ ሲያርፍባቸው አልተቀየሙም። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ልማድ ባይኖርም አዲስ አበባ ደግሞ አዲስ ነገር አያጣም፣ ሄዳችሁ ተመለሱ በበግ ተነገረን ብለው፣ ጥምጣማቸውን ከደረጃው ላይ አንስተው በክብር ተመልሰዋል። በሁለተኛው እሑድ ግን እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይኸው ነው ብለው ክፉኛ አዝነዋል። እኛ ላይ ሆነን ናቁን እንላለን፣ እነሱ ታች ሆነው ናቁን ይላሉ፤ በመካከላችን ጌታው ቆመው ያመሰኳሉ።

ሼሁ ነገሬን ግማሹን አምነውልኛል። ለሦስተኛ ጊዜ ግንቦት ፳፭ እሑድ ይመጣሉ። ሴት ልጅ የምትጠየቀው በአባቷ ቤት ስለሆነ ሌላ ቦታ እንገናኝ ብል አይሆንም፤ ከሦስተኛው በኋላ ደግሞ ሽማግሌ አይመለስም።

አቶ ሽፈራው፤ ባለቤትዎ ወይዘሮ ምንትዋብ ካረፉ ወዲህ ቤትዎ ጭር እንዳለብዎ አውቃለሁ። ለቀብራቸው አብረን ሄደናል፣ ድንኳኑንም አብረን ተክለናል። ሰው ብቻውን ሲቀር ከበሩ የሚቆምለት፣ ሲገባ ቀና ብሎ የሚያየው ነገር እንደሚፈልግ ይገባኛል፤ ጌታው ይታረዱ አላልኩም፣ ይሸጡም አላልኩም። በዚያ እሑድ ከዙሁር እስከ አስር ሶላት ድረስ ብቻ ጌታውን ቤትዎ አስገብተው በሩን ይዝጉልኝ፤ የሚበሉት ከጠፋ ከእኔ ዘንድ ያልገባ ማመልከቻ ሞልቷል። እርስዎ ብቸኝነትን ያውቁታልና ልጄን ለእሱ እንዳይዳርጉብኝ እለምንዎታለሁ።

ስለ ታጋሽነትዎ፣ ስለ ፍትሐዊ አመራርዎ፣ እንዲሁም በዚህ ዕድሜዬ ደረጃን በሩጫ መውጣት ስላስቻሉኝ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበቴ አይታጠፍምና በቆምኩበት፣ አክብሮቴን የማቀርብ ትሑት የላይ ጎረቤትዎ፣

ሰዲቅ
(የማይነበብ ፊርማ፤ ደረጃው ላይ ስፈርም የናይሮቢው ተነስቶ ነው)

ግልባጭ፦
ለጌታው፤ እንዲያውቁት እንጂ እንዲበሉት አይደለም።

ማሳሰቢያ፦ ከሼህ ሙሄ ጋር ስንለያይ አንድ ነገር ተስማምተናል። በሽምግልና ሕግ በር ላይ ቆሞ መልስ የሚሰጥ የአባትየው ወኪል ነው። ጌታው የሚቆሙት በእርስዎ በር ላይ ነውና፣ በሦስተኛውም እሑድ የሚመልሷቸው እሳቸው ከሆኑ፣ ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ለመውጣት አይታገሉም፤ የእርስዎን በር አንኳኩተው ልጄን ከእርስዎ ይጠይቃሉ። እኔም አባትነቱን በደስታ ለቅቄልዎታለሁ። ታዲያ አባት የሆነ ሰው ሠርጉንም ይደግሳል፤ ከኮምቦልቻ ሁለት አውቶብስ ሙሉ እንግዳ ይመጣል። ስለ ሥጋው አይጨነቁ፤ ደረጃው ላይ ቆሟል። አራጁን ከነቢላው ሼሁ ይዘው ይመጣሉ።