ማጣሪያውን የለበድሁት እኔ ነኝ

ውድ ምራቴ፣

ጤናሽን እንደ ወትሮው በልጄ በኩል መጠየቅ እችል ነበር፤ ይህን ነገር ግን በሌላ ሰው አፍ መላክ ሁለተኛ በደል መሰለኝ። ስለዚህ እጄ እየከበደኝም ቢሆን ራሴ ጻፍሁት።

የመጻሕፍቴ አቧራ ደረቴን እንዳያፍነኝ ብለሽ ያን አቧራ መምጠጫ ማሽን ያመጣሽልኝ ዕለት፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከፈትሁት። ውስጡ ነጭ ማጣሪያ አለ። አርባ ዓመት ተማሪዎችን ደብተር ሳስለብድ የኖርሁ መምህር ነኝና፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ዕቃ ራቁቱን ሊቆሽሽ ነው ብዬ አዘንሁለት። ወፍራም ላስቲክ ለክቼ፣ ጠርዙን አጥፌ፣ በፕላስተር አሽጌ ለበድሁት። አንቺንም፣ «የማጣሪያውን ቤት እኔ አሰናድቼዋለሁ፤ እሱን እንዳትከፍቺው» አልሁሽ። ቃሌን አከበርሽ።

ማሽኑ እየጮኸ አንዲት ክር እንኳ ማንሳት አቃተው። ቱቦውን ስታራግፊ፣ ብሩሹ ላይ የተጠመጠመውን ፀጉር በመቀስ ስትቆርጪ፣ የአቧራ መያዣውን ስታጥቢ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አይሻለሁ። የቀድሞ ባልደረቦቼ የመጡ ቀን ምንጣፉ ላይ አቧራ ቀርቶ ሳይ ግን፣ «የዕቃ ጠላት! እናትሽ ቤት መጥረጊያ ይዘሽ አታውቂም?» አልሁሽ። የሒሳብ መምህሩ፣ «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» ቢለኝ ይባስ ተቆጣሁ። አንቺ «እሺ አባባ» ብለሽ ገመዱን ጠቀለልሽ። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጥሽም።

ባለፈው ሳምንት ማሽኑን ጠጋኝ ዘንድ ወሰድሁት። ገና ሲከፍተው ሳቁ መጣ።

«አባባ፣ ይሄን ማነው እንዲህ አሳምሮ የለበደው?»

«ምራቴ ትሆናለች» አልሁት።

አዎን፣ እንዲህ አልሁት።

«እንግዲያው ይንገሯት! አየር ካላለፈበት በምን ይሳብ? የሰው አፍንጫ ይዞ ‹ተንፍስ› ማለት እኮ ነው።» ላስቲኩን ገፎ ቢያስነሳው የጠረጴዛውን ጨርቅ ጎትቶ ሊውጠው ደረሰ። «አዩልኝ ጉልበቱን?» አለኝ። ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም።

ቤቴ ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ። ጥፋቱን በጓደኛው ያላከከ ስንቱን ተማሪ አንበርክኬአለሁ! ተመልሼ ሄድሁና፣ «የለበድሁት እኔ ነኝ» አልሁት። «ታዲያ ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለሷ ይንገሯት እንጂ» ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ለባልደረቦቼም ነግሬአቸዋለሁ። የሒሳብ መምህሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀብኝ፤ እሱን ቻልሁት። ያልቻልሁት ስለ እናትሽ የተናገርሁትን ነው። እኔ ስጮህ አንቺ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ የመለስሽልኝ፣ እሷ ስላሳደገችሽ ነው።

እሑድ ከቀትር በኋላ እመጣለሁ። ሽማግሌ አልልክም፤ ልጄንም እንዲያስታርቀን አልለመንሁትም። በሩን ባትከፍቺልኝ አልቀየምም። ይቅርታዬን ግን ደረጃው ላይ ቆሜ፣ ጎረቤትሽ በሚሰማው ድምፅ ተናግሬ እመለሳለሁ።

የበደለሽ አማትሽ