ሳጥን ውስጥ የተቆለፈው ስልክ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 — ማምሻ
ሱቅ ዘግቼ ገባሁ። ሆሳዕና ከተማ ዛሬ ገበያው ሞቅ ያለ ነበር፣ ጨርቁ ተሸጧል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ልጄን በጥፊ መታኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው ደብተሬ። አባቷ ከደ/አፍሪካ አሮጌ ስልኩን በሰው ልኮላታል፣ ትማርበት ብሎ። ዛሬ ለባዮሎጂ የቤት ሥራ ልትፈልግበት ሁለት ፊደል ስትነካ ቀድሞ የተፈለገ ነገር ዝርዝር ዱብ አለ። የብልግና ቪዲዮ ዝርዝር። ከኋላዋ ቆሜ አየሁት። ፈቲያ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የኔ አይደለም አለች። እጄ ቀደመኝ።

ዝርዝሩን አንድ በአንድ አጠፋሁ። ስልኩን ልብስ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 10
ባሌ ደወለ፣ ነገርኩት። ምን አስነገረኝ? ጆሮዬ እስኪደነቁር ጮኸ። እሱ በሰው አገር እየተንከራተተ እኔ አንድ ልጅ መጠበቅ አቃተኝ። ሱቅ ሱቅ ስል ልጁን አበላሸሁበት። ልጅ መቆጣጠር የእናት ሥራ ነው አለ። አባትማ ስልክ ይልካል፣ በቃ።

ከዚያ ፈረደ። ፈቲያ ከት/ቤት ትውጣ። ሞርሲቶ፣ ገጠር እናቱ ጋ ትቀመጥ። ወንድሙ ከድር በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በሚኒባሱ ይውሰዳት።

ከድርም ወዲያው ደወለ። እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይባል የለ አለኝ። ለእኔ! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ዓርብ፣ ጥቅ. 12
ፈቲያ አታናግረኝም። ምሳዋን ቆንጥራ ትነሳለች። መጻሕፍቷን ለጓደኛዋ ሰጥታ መጣች። ከድር ለዘመድ ሁሉ አውርቷል፤ ዛሬ ሱቅ የመጣች አክስቱ ጨርቅ እየዳሰሰች ልጅቷ እንዴት ናት አለችኝ፣ እንደ በሽተኛ። አቃጠለችኝ።

እሑድ፣ ጥቅ. 14
ስልኩን ልሸጠው ሳጥኑን ከፈትኩ። ዳታው እንደበራ ያ ዓይነት ዝርዝር ግጥም ብሎ መጣ። አዲስ ነው፣ ባለፈው ያላየሁት። ማን ከፈተው? ስልኩ ሳጥን ውስጥ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ። ሳጥኔ ጂኒ ገባበት ልበል?

ፈቲያን ጠራኋት። ጣቷን ቀስራ አሳየችኝ። ከላይ የአባቷ ስም፣ የአባቷ ፎቶ፣ ጥርሱን ገልጦ። ከአካውንቱ ሳይወጣ ነው ስልኩን የላከው። እሱ እዚያ በአዲሱ ስልኩ የሚከፍተው ሁሉ እዚህ ልጁ እጅ ላይ ይወርዳል።

ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ አልኳት። ስልኩ ከመጣ ጀምሮ። ታዲያ ስመታሽ ለምን አልተናገርሽም? እንዳትጣሉ ብዬ ነው አለች።

ደሜ ፈላ። በሀዲይኛ ሰደብኩት፣ አማርኛው አልበቃኝም። እሱ ባየው እሷ ተመታች። እሱ ባየው እሷ ከትምህርቷ ልትቀር ነው። እኔስ ብሆን? ስልኩ ሲመጣ ሽፋን ገዛሁለት እንጂ ውስጡን መች አየሁ። ይቅር በይኝ አልኳት። ትከሻዬ ላይ አለቀሰች።

ሰኞ፣ ጥቅ. 15
ደወልኩለት። ስምህም ፎቶህም እዚህ ስልክ ላይ ነው፣ የምታየውን እያየንልህ ነው አልኩት። ድምፁ ለስለስ አለ። ለከድር አትንገሪ። አጥፊው። ልጅቷም ትማር፣ ነገሩ እዚሁ ይቅር።

የእሱ ገመና ይሸፈን፣ የልጄ ስም ግን ሞርሲቶ ድረስ ይዙር። ሰው አያፍርም? ለከድር ራስህ ደውለህ ተናገር፣ ልጅህንም ይቅርታ ጠይቅ አልኩት። እስከ ዓርብ ቀን ሰጠሁት። እሺ አለ።

ዓርብ፣ ጥቅ. 19 — ከመግሪብ በኋላ
ከድር ደወለ። ነገ በጠዋት እመጣለሁ፣ የልጅቷን ልብስ ሸክፊ አለኝ። ወንድምህ ምንም አልነገረህም ወይ? ምኑን አለ። እሺ፣ ና አልኩት።

ልብስ አልሸክፍም። ስልኩን ቻርጅ አድርጌ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ዳታው በርቷል። ከድር የወንድሙን ስም ማንበብ አያቅተውም።

ፈቲያ አየችው። እማ፣ እባክሽ አታሳዪው፣ አባዬ ያፍራል አለችኝ። እስካሁን የተሸከምሽለት ይበቃል አልኳት። አሁን ከጓደኛዋ ቤት መጻሕፍቷን ልታመጣ ወጥታለች፤ ሰኞ ት/ቤት አላት።