የበረዶው መድኃኒት

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

የተሳሳተ ዕቃ ነው የላክሁት። ወንድሜ ታደሰ በምሥራቅ ቆላ ከሚሠራበት የጋዝ ጉድጓድ ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ መልእክት ልኮ ነበር፦ ቧንቧው በረዶ እየያዘ አስቸገረን፣ መድኃኒት ላኪልን። በዚያ ሐሩር በረዶ! ሳቄ መጣ። ንፋስ ስልክ ኬሚካል መሸጫ ሱቄ የሚመጡ ሳሙና ሠሪዎች መድኃኒት የሚሉት አረፋ የሚያወጣውን ነጭ ዱቄት ነው። እሱኑ በጆንያ ጭኜ ላክሁለት።

ዛሬ ጋሽ ከማል ያንኑ ዱቄት ሊገዙ መጡ። ድሮ የፋብሪካ ኬሚስት ነበሩ፣ አሁን ላፍቶ ሰፈር ሳሙና ይሠራሉ። ነገሩን እንደ ቀልድ አጫወትኋቸው። አልሳቁም።

"እሱ የፈለገው የሚያሟሟውን አልኮል ነው። አንቺ ለበረዶው እርሾ ላክሽለት።"

ጋዝና ውሃ አንድ ላይ ሲታመቁ ውሃው ጋዙን አቅፎ እንደ በረዶ ይረጋል አሉ። ጋዙ በጠባብ መክፈቻ ሲያልፍ ስለሚቀዘቅዝ ቆላም አያድንም። ሁለቱ ለብቻቸው ቶሎ አይዋሃዱም፤ የሳሙናው ዱቄት ያፋጥናቸዋል። የረጋው ቧንቧውን ከደፈነ፣ ግፊት ሲገፋው እንደ ጥይት ይወጣል።

ታደሰ የሚሠራው መክፈቻው ላይ ነው።

ማክሰኞ

የነታደሰ ድርጅት ቢሮ ሄድሁ። ሬዲዮ የሚያነጋግረው ሰው ለቤተሰብ ወሬ አይፈቀድም አለኝ። ቧንቧው ቢፈነዳ መልእክቱን ማን ከለከለ ተብሎ እንደሚጠየቅ ቀስ ብዬ ነገርሁት። ወንበሩን ወደ ሬዲዮው ሳበ። ከሬዲዮው ጩኸት ብቻ እንጂ ከጉድጓዱ መልስ የለም።

አልኮል ተገኘ። የሚወስደው የድርጅቱ መኪና ነገ ጠዋት ይነሳል።

ረቡዕ

አሁንም መልስ የለም። ሀና ማርያም ሰፈር እናቴ ዘንድ ደረስሁ፤ ስለ ታደሰ ጠየቀችኝ። ደህና ነው አልሁ። ፊቴን አየችው።

ሐሙስ

ታደሰ በሬዲዮ ተገኘ! ዱቄቱን ትናንት ጨምረውታል፤ ቧንቧው ወዲያው ተደፍኗል። አለቃው በእሳት እናሙቀው እያለ ነው። የጋሽ ከማልን ቃል አንድ በአንድ ነገርሁት፦ እሳት የለም፣ መዶሻ የለም፣ ግፊቱን ከሁለቱም ወገን ቀስ እያላችሁ አስተንፍሱ።

"አንተ ከፊቱ እንዳትቆም።"

"መድኃኒትሽ እኮ ጉድ ሠራን" አለኝ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

ዓርብ

የሬዲዮው ሰውዬ ገና በር ላይ ሳለሁ ነገረኝ፤ ቧንቧው ተከፍቷል፣ ሰው አልተጎዳም። ታደሰን አገናኘኝ አልሁት። ተኝቷል አለ።

"መተኛቱን ማን አየ?"

ተነጫነጨ፣ ግን ጠየቀልኝ። ቆይቶ ማዳመጫውን ከጆሮው አነሳ።

"በማንኮራፋቱ ጓደኞቹ ድንኳኑን ለቀው ወጥተዋል አሉ።"

እሱ ነው፤ ልጅ ሳለም በማንኮራፋቱ አያስተኛንም ነበር። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ።