እዝዝታው ካንቺ ጉሮሮ አይደለም

እህት ዓለም፣

ሥራ ረፍዶብኛል። ፊትሽን የማይበት ዓይንም የለኝ።

ንባብሽን ስትቀጂ የሚሰማው እዝዝታ ከየት እንደሆነ ለማወቅ ኮምፒውተርሽን የፈተሽኩት መሥሪያ ቤት በምንጠቀምበት ውድ መቅጃ ፕሮግራም ነበር። እሱ ደግሞ እዝዝታውን ሁሉ በራሱ እያጸዳ ነው የሚቀዳው። ይህን እያወቅኩ፣ ደረቴን ነፍቼ «ማሽኑ ንጹህ ነው፤ ችግሩ ጉሮሮሽ ነው» አልኩሽ። አንቺም አምነሽኝ ዝንጅብል ስታኝኪ ሰነበትሽ። ለአሳታሚው ልትቀጂ የያዝሽውን የመጽሐፍ ንባብ እንኳ ለሌላ ሰው አሳልፈሽ ሰጠሽ።

ዛሬ ጠዋት ከኮምፒውተሩ ጋር በመጣው ተራ መቅጃ ባዶ ክፍልሽን ቀዳሁት። ማንም ሳይናገር እዝዝ ይላል። ቻርጀሩን ስነቅለው ጸጥ አለ።

ስለዚህ ስትቀጂ ቻርጀሩን ንቀዪው። የኔን ፕሮግራም አጥፊው፤ ለፍተሻ የሚሆነው ጉድ የማይሸፍነው ነው።
ንባቡን እንዲመልስልሽ አሳታሚው ጋ ዛሬውኑ ደውዪ። ካላመነሽ እኔን ያናግረኝ።

ሌላው...
ተይው።

ለሙከራ የሆነ ነገር መናገር ነበረብኝ። «አንድ፣ ሁለት» ከምል ፊትሽ ልለው ያፈርኩትን ተናገርኩ። ኮምፒውተሩን ስትከፍቺ ቅጂውን ፊት ለፊት ታገኚዋለሽ።

ማሽኑ አሁን እውነትም ንጹህ ነው። የሚንቀጠቀጠው የኔ ድምፅ ነው።