የሰባት ዓመት ፊርማ

ሲያትል፣ ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም.
በፈረንጆቹ ኦክቶበር 28 ቀን 1998

ይድረስ ለልጄ ለፍጹም ውብአየሁ
ናዝሬት

ፍጹሜ፣

እንደምን አለህልኝ? አክስትህ አዳነችስ ወገቧን ተሻላት? እኔ ስለ ጉልበቴ ካልጠየቅከኝ በስተቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ከእኔ ጋር መኖር የሰለቸው ይመስላል፤ ስቆም ይጮኻል፣ ስቀመጥ ይጮኻል። ዝናቡም ጀምሯል። የዚህ አገር ዝናብ እንደኛ ክረምት ነጎድጓዱን አሰምቶ፣ ዘንቦ አይወጣለትም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያልጎመጉም ይውላል። ቀኑን ከላይ በሁለቱም አቆጣጠር የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እደርስበታለሁ።

ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል። አዳነች ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ሰፈሩ ሰው ስትነግረኝ፣ አንተ ከታች አንዲት መስመር ብቻ ጨመርክ፦ «አባዬ፣ የፋብሪካው ኳስ ቡድን እስከ ኅዳር መጨረሻ ቁርጥህን ንገረን ብሎኛል። ልፈርም ወይስ ልጠብቅህ?»

ይቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አትጠይቀኝ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ከመታጠፉ ብዛት ሊቀደድ ነው። መልሱን በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጉንፋን አውርቼ ዘጋሁ። እንዲያውም በሁለተኛው «አባዬ፣ ይሄ ጉንፋን አልለቀቀህም እንዴ?» አልከኝ። ጉንፋን አልነበረኝም፣ ልጄ። በመጨረሻ ከአፌ እጄ ይሻላል ብዬ ብዕር አነሳሁ። መሻሉን አንብበህ ስትጨርስ አንተው ትፈርዳለህ።

መልሱን ከመስጠቴ በፊት ቅዳሜ ዕለት ሥራ ቦታ የሆነውን ላጫውትህ። አባዬ ነገር ያስረዝማል ትል የለ፤ ዛሬም ታገሰኝ።

እንደምታውቀው ፓርኪንግ ነው የምሠራው። አዘቦቱን መሀል ከተማ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ የሆኪ አዳራሹ አጠገብ ያለው መኪና ማቆሚያ ይመድቡኛል። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የመስታወት ቤት አለችኝ። እዚያ ተቀምጬ ቲኬት እቆርጣለሁ። በወዲያኛው በር ሙላው የሚባል የጎጃም ልጅ አለ፤ ከእኔ ስድስት ዓመት ቀድሞ የመጣ፣ ወሬ የማያመልጠው።

ሆኪ ማለት በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ገና ነው በለው። ዱላው ያው የገና ዱላ ነው። ሩሩ ግን ድቡልቡል አይደለም፤ ጠፍጣፋ ነው፣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ያህላል። እግራቸው ሥር ስለት አስረው ይከንፋሉ። የእኛ ሰው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላል፤ እነዚህ ግን ይቆጣሉ፤ ዱላውን ጥለው በቡጢ ሲነራረቱ ዳኛው ቆሞ ያያቸዋል። እዚህ የሚጫወቱት ለጋ ወጣቶች ናቸው፤ የሚጎብዘውን የሌላ ከተማ ትልልቅ ቡድኖች ይወስዱታል። ሲያትል ትልቅ ቡድን የላትም። «ይመጣል፣ ዘንድሮስ ይመጣል» ይላሉ ደንበኞቼ። ሙላው እንደሚለው ከሆነ እሱ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ሲመጣ ነው።

ብራዲ የሚባል ተከላካይ ነበራቸው፤ እንዳንተው ተከላካይ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከካናዳ ገጠር መጥቶ ሦስት ዓመት እዚህ ተጫወተ። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አንድ ትልቅ ቡድን ከሄደ ሌላ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሰዎቹ ግን እስካሁን ስሙን ጀርባቸው ላይ አጽፈው ይመጣሉ። ውሉ ሊያልቅ ስለነበር፣ የሲያትል ትልቅ ቡድን በዚያው ሰሞን ይመጣና ልጃችን ይመለሳል ብለው ቋምጠው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በሩን ገና ስንከፍት ሙላው ጋዜጣ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ ውብአየሁ፣ ሰምተዋል? ብራዲ ሰባት ዓመት!»

«ምን አድርጎ?» አልኩት ክው ብዬ። የታሰረ መስሎኝ እኮ ነው። በእኛ ዘመን የወጣት ልጅ ስምና የዓመት ቁጥር አንድ ላይ ከተጠራ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

«ኖ፣ ኖ! ሳይን አደረገ። ኮንትራት! እዚያው ለሰባት ዓመት ፈረመላቸው። ሶ፣ አይመለስም ማለት ነው።»

ኮንትራት ሲባል እኔ የማውቀው ታክሲ ነው። «ሰባት ዓመት ብቻውን ሊሳፈር ነዋ!» አልኩትና ተሳሳቅን።

መኪናዎቹ መግባት ሲጀምሩ ግን የሚስቅ ሰው ጠፋ። አንዱ «ከሃዲ!» ይላል። አንዱ ደስ ብሎት ጥሩንባውን ይነፋል፤ ሰባት ዓመት ያስፈረሙት ጎበዝ ቢሆን አይደል ይላል። አንዲት ኮረዳ ጉንጯ ላይ የጻፈችው የብራዲ ቁጥር በእንባ ታጥቦ አገጯ ላይ ደርሷል። ሚስተር ግሌን የሚባል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር አለ፤ የብራዲን ማሊያ ስሙ እንዳይታይ ገልብጦ ለብሶት መጣ። መስኮቱን አወረደና፣ እኔ ያስፈረምኩት ይመስል በእኔ ላይ ጮኸ።

«ሁለት ዓመት ቢታገስ ምን ነበረበት? የራሳችን ቡድን ይመጣ ነበር!»

«ማነው ይመጣል ያለህ?» አለው ከኋላው ያለው ሰውዬ አንገቱን አውጥቶ። «እኔ ፀጉር ሳለኝም ይመጣል ስትል ነበር!»

ግሌን ከመኪናው ወረደ። ያኛውም ወረደ። ሰልፉ መንገድ ዘጋ። እኔም በዚያች እንግሊዝኛዬ «ጌቶቼ፣ መጀመሪያ ፓርክ አድርጉ፣ ከዚያ ትጣላላችሁ» አልኳቸው። የሰማኝ የለም።

በዚህ መሀል ሚስ ሎሬን ደረሰች። ማውንትሌክ ቴራስ የምትኖር ባልቴት ናት፤ ኩኪስ ሳትይዝልኝ መጥታ አታውቅም። ቡድኑ ከሩቅ የሚመጡትን ልጆች በሰው ቤት ነው የሚያሳድራቸው፤ ብራዲ ሦስቱንም ዓመት የኖረው እሷ ቤት ነው። እንቁላሉን ጠብሳ፣ ካልሲውን አጥባ ያኖረችው እሷ ናት። ግሌን መኪናዋን ሲያይ ክርክሩን ትቶ ወደ እሷ ሄደ።

«ሎሬን፣ አንቺን እንኳ ሳይጠይቅሽ?»

ሞተሯን አጠፋች። «ጠይቆኛል። ሐሙስ ደውሎ ‹ልፈርም ወይስ ሲያትልን ልጠብቅ?› አለኝ።»

ቲኬቷን ልሰጣት ዘርግቼ ነበር፤ እጄ አየር ላይ ቀረ። ያንተ መስመር እኮ ነው፣ ፍጹሜ! ቃል በቃል!

«እሺ፣ ምን አልሽው?»

«ፈርም አልኩት።»

«ለምን?» አለ ግሌን ኮፍያውን አውልቆ ጭኑን እየመታ።

«ጠብቅ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልጋው እስከ ዛሬ እንደተነጠፈ ነው። ግን የሚመጣ ቡድን እንደሌለ እኔ አውቃለሁ፣ ግሌን። እሱ አያውቅም። እያወቅኩ ጠብቅ ካልኩት ዕድሜውን በላሁበት ማለት ነው።»

ግሌን ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ቀስ ብሎ ፓርክ አደረገ። ሚስ ሎሬን ቲኬቱን ከእጄ ወሰደችና ፊቴን አየችው። «ደህና ነህ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ» አልኳት፤ «ጉንፋን ነው።»

ፍጹሜ፣ እኔም የሚመጣ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። አንተ አታውቅም።

«ፕሮሰስ ላይ ነው» እያልኩህ ከመጣሁ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ፕሮሰስ ያልኩህ የገዛ እጄን ስህተት ነው። አባትህ የቀበሌ ጸሐፊ ሆኖ ሃያ ዓመት ሲሠራ አንድ ፎርም አበላሽቶ አያውቅም፤ ይህን ናዝሬት ይመሰክርልኛል። ዲቪ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ፎርሙን በእኔ እጅ ነው ያስሞላው። የእያንዳንዱን ሰው ልደት በወረቀት አስልቼ፣ ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለውጬ ጻፍኩ። የራሴንም ለወጥኩ። የአንተ ላይ ስደርስ ግን ማስላት ምን ያስፈልገኛል? ጥቅምት 12 ቀን 1970፣ ሚካኤል ዕለት፣ ጠዋት። የተወለድክበትን ቀን ከራሴ ስም በላይ አውቀዋለሁ። እጄ እንዳወቀው ዝም ብሎ ጻፈው፦ 12፣ 2፣ 1970። እነሱ ደግሞ ወሩን ያስቀድማሉና የ1970 ዲሴምበር ሁለት ብለው አነበቡት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ልጄን ሃያ ስድስት አደረግኩት። ሰባት ዓመት በአንድ መስመር!

ቃለ መጠይቁ ላይ «አስተርጓሚ እንጥራልህ?» ሲሉኝ «አያስፈልገኝም» አልኩ። ኩራቴን ታውቀዋለህ። ሰውዬው ስለ ልጄ አንድ ነገር አፍጥኖ ሲጠይቀኝ «የስ ሰር» አልኩት። ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩ። ቪዛው የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ፣ ልጁ ከሃያ አንድ ዓመት በላይ ነው የሚል ወረቀት ተያይዞ ሲመጣ ነው የገባኝ።

አሁን የምጽፈው ከሁሉም ይከብዳል። ያኔውኑ ተመልሼ «ተሳስቻለሁ» ማለት እችል ነበር። ፈራሁ። የማልኩበት ወረቀት ስህተት አለበት ብል የእኔንም የሚነጥቁኝ መሰለኝ። ሄጄ ከዚያ አስተካክለዋለሁ ብዬ ራሴን ደለልኩ፤ አንተንም ደለልኩ። አውሮፕላን ጣቢያ ሻንጣዬን ተሸክመህ «በዓመቱ እንገናኝ» ስትለኝ ወረቀቱ በደረት ኪሴ ነበር።

እዚህ ጠበቃ ይዤ ማስተካከያ አስገባሁ። እውነተኛው ሃያ አንድ ዓመትህ ሳይሞላ መልስ ከመጣ ይሆናል ተባልኩ። እየቆጠርኩ ሰነበትኩ። ባለፈው ሐሙስ ጥቅምት 12 ነበር። ሞላህ። መልስ አልመጣም። ከእንግዲህ ትልቅ ልጅ ተብለህ ወደ ሌላ ሰልፍ ትዛወራለህ፤ ሰልፉ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠበቃውን ስጠይቀው ትከሻውን ሰበቀና «ሰባትም፣ ስምንትም» አለኝ። ያንን ሰልፍ አስይዝሃለሁ፤ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነውና ሕይወትህን እሱ ላይ አታስር።

ሳላስብ የበላሁት ሰባት ዓመት አለ። እያወቅኩ የበላሁት ደግሞ ይኸው አንድ ዓመት ከሦስት ወር ነው፤ ሁለት ቡድን ጠይቆህ «አባቴ ሊወስደኝ ነው» ብለህ እምቢ ማለትህን አዳነች ጽፋልኛለች። ያን ዕለት ደብዳቤውን ይዤ አለቀስኩ። ሙላው ምን ሆኑ ቢለኝ፣ እሱንም ጉንፋን ነው አልኩት።

ስለዚህ ፈርም።

የአምስት ዓመት ግዴታው አያስፈራህ፤ ቋሚ ቅጥር ነው፣ ጡረታም አለው። መጋዘን ረዳት ብለው ቢጽፉህም አትናደድ፤ ኳስህን ሜዳ ላይ ያዩታል። ቁርጭምጭሚትህን ሳታስር አትግባ። ዳኛ አትሳደብ። አዳነችን አደራ፣ ካንተ ሌላ ማንም የላትም። ተቆጣኝ፤ ቁጣህን በደብዳቤ ጽፈህ ላክልኝ፣ ይገባኛል። ዝም ብቻ አትበለኝ።

እዚህ አቅራቢያ ሬድመንድ የሚሠራ አዲስአለም የሚባል ልጅ ለገና ወደ አገር ቤት ይገባል። የኳስ ጫማ እልክበታለሁ። ገዝቼ ካስቀመጥኩት ቆይቷል፤ ስትመጣ አውሮፕላን ጣቢያ ልሰጥህ ነበር። ቁጥሩ 42 ነው። እግርህ አድጎ ከሆነ እንጃ።

በልጅነትህ ከወደቅክበት ሁሉ ያነሳህ ሚካኤል እግርህን ከድንጋይ፣ ልብህን ከቂም ይጠብቅልኝ። ከእኔ የተሻለ አባት ለመሆን ያብቃህ። እናትህንም ነፍሷን ይማር፤ ይህን ሳታይ ሄደች።

አባትህ
ውብአየሁ

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ስትፈርም የትውልድ ቀንህን ይጠይቁሃል። ለማንም አታስሞላ፤ በራስህ እጅ ጻፈው። ጥቅምት 12 ቀን 1970። እዚያ ልክ ነው።