አባባ ስለ ወይኑ ያለው

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለብርቅዬ ሀብተሥላሴ፣ ኡዲኔ፣ ጣሊያን።

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ያ ሲያምሽ የከረመው ወገብሽ ለቀቀሽ ወይ? የምትንከባከቢያቸው ሽማግሌስ እንዴት ናቸው? ብርዱ አለፈላችሁ? ወይናቸውስ ቅጠል አወጣ? እኔ፣ ባለቤቴ አልማዜና ልጆቹ ደህና ነን። አጠና ተራ ገበያው ቢቀዘቅዝም ሱቄን ከፍቼ እውላለሁ። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ እንዳልጻፍኩ ግን ልብ በይ።

ጓደኛሽ ዮዲ የላክሽውን የወይን ጠርሙስ ሳይሰበር አድርሳለች። ይህን ደብዳቤም ስትመለስ በእጅሽ ትሰጥሻለች። የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ አንቺ ስትደውዪ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትነሳ ነው።

ባለፈው እሑድ እማዬ «አባትሽ ወይኑን ቀምሶ ለስላሳ ነው፣ የማር ቃና አለው አለ» ስትልሽ ዝም አልሽ። ዝምታሽ ገብቶኛል። የወይኑ ዘር ታጸሌንጌ እንደሚባል፣ ትርጉሙም በአገሬው ቋንቋ «ምላስ ቆራጭ» እንደሆነ ጽፈሽ ጠርሙሱ ላይ ያሰርሽው አንቺ ነሽ። ዕድሜውን ሙሉ ለላኪዎች ቡና እየቀመሰ ደረጃ ሲያወጣ የኖረ ሰው፣ እንዲህ ያለውን ወይን ለስላሳ ነው አይልም። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ልንገርሽ። በቀመሰበት ዕለት በማስታወሻዬ ስላሰፈርኩት ቃሉን አልስትም።

አባባ ታሟል። እንዳልንሽ ጉንፋን አይደለም፤ የጉሮሮ ካንሰር ነው። ከጥር ጀምሮ «ኔትወርክ አስቸገረ» እያልን ምስሉን የምንዘጋብሽ እንዴት እንደከሳ እንዳታዪ ነው። የጨረር ሕክምናውን ጨርሷል፤ ጨረሩ ግን የምላሱን ጣዕም ይዞበት ሄደ። ጨውና ስኳር አይለይም። እማዬ የመኖሪያ ፈቃድሽ ሳይወጣ እንዳትሰሚ ብላ ሁላችንንም አስምላናለች። እኔም ምዬ ነበር፤ ዛሬ መሐላዬን አፈረስኩ።

አንቺ ከመደወልሽ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአባባ ጋር ቡና ይቀምሱ የነበሩት ጋሽ ቀጄላ ከቤቴል ሊጠይቁት መጡ። የቡሽ መንቀያ ስላልነበረን የወይኑን ቡሽ ቪቴ ሰክቼበት በፒንሳ ሳብኩት። «አጠና ሻጭ የከፈተው ወይን እንጨት እንጨት እንዳይል!» ብለው አሳቁን። ቀድመው ተጎነጩና ፊታቸው ተጨማደደ። «ኧረ ሀብቴ፣ ልጅህ እኛን ልትጨርስ ነው እንዴ የላከችው!» አሉ። እኔም ቀመስኩ፤ ድዴን ጨምድዶ ያዘው።

አባባ ማንኪያ አስመጣ። እንደ ድሮው በማንኪያ አንስቶ ሲስበው፣ ልጆች ሆነን የምንስቅበት ያ ፉጨት ተሰማ። አፉ ውስጥ አንከባለለውና ኩባያ ላይ ተፋው። ሁላችንም አፉን አፉን እናያለን። «ለስላሳ ነው። የማር ቃና አለው። ልጄ ጥሩ መርጣለች በሏት» አለ። እማዬ አልቀመሰችምና ደስ ብሏት እልል አለች። ጋሽ ቀጄላ ብርጭቋቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። ስሸኛቸው በሩ ላይ ቆሙና «ሠላሳ ዓመት አብሬው ስቀምስ፣ ለአለቃም ለባለሀብትም ብሎ ቃሉን ሲለውጥ አላየሁትም። ዛሬ ለልጁ ሲል ዋሸ» አሉኝ። እስከ ፌርማታው እንዳልከተላቸው በእጃቸው ከለከሉኝ።

ስመለስ እማዬ ማድ ቤት ገብታለች። አባባ «መዝገቡ፣ በሩን ዝጋ። አንተ ቅመስና ንገረኝ» አለኝ። የእሱ ምላስ ከልጆቹ ለማናችንም እንዳልደረሰን ታውቂያለሽ። «ይኮመጥጣል» አልኩት። «እሱንማ ሕፃንም ይለዋል። እንደ ሎሚ ነው እንደ ኮሽም?» አለኝ። ደግሜ ቀመስኩ። «እንደ ኮሽም፤ ያውም ያልበሰለ» አልኩት። «ስትውጠውስ?» አለ። አፍ እንደሚያደርቅ፣ ቆይቶ ግን ከኋላ ስሙን የማላውቀው ጥሩ ነገር እንደሚመጣ ነገርኩት። «ስሙን ተወው። ይቆያል ወይስ ቶሎ ይጠፋል?» አለኝ። «አሁንም አለ» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ፤ የተኛ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ጥሩ ወይን ነው። ሳይደርስ ነው የከፈትነው። ሌላ ካላት ዓመታት ታስቀምጠው» አለ።

ወይኑ መቆየት ይችላል፤ አባባ አይችልም። ክረምቱን መዝለቁን ሐኪሙ እንደሚጠራጠር ለብቻዬ ነግሮኛል።

ፈቃድሽ ሳይወጣ ከዚያ ከወጣሽ መመለሻ እንደሌለሽ አውቃለሁ። ነይም ቅሪም አልልሽም። ሁለቱም ያስከፍሉሻል፤ ሰው ግን የሚከፍለውን ሳያውቅ መምረጥ የለበትም። አንድ ቀን ማለዳ የአገር ልጆች በርሽን አንኳኩተው ከሚያረዱሽ፣ አሁን ከወንድምሽ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው። መምጣቱ ካልሆነልሽ እሑድ ጠዋት፣ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሆን ደውዪ። ምስሉን እከፍትልሻለሁ። ስታዪው አታልቅሺበት። ስለ ወይኑ ጠይቂው፤ ዓይንሽን እያየ አይዋሽሽም።

አልማዜ ትስምሻለች። ኤልናታንና ሉሲ ስምሽን ሳያነሱ አይውሉም። ጋሽ ቀጄላ ሰላም ብለውሻል። እማዬ ምን እንደምጽፍልሽ ሳታውቅ «ልጄን ሳምልኝ» ብላለች። አባባ ደግሞ «ወይኑን እግዜር ይስጥልኝ በላት። ሌላውን እንዳትነግራት» ብሏል።

ወንድምሽ
መዝገቡ ሀብተሥላሴ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አጠና ተራ
አዲስ አበባ
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.